ያልፈላው ጠርሙስ

ታላቅ እህቴ የማኅበር ጠላዋ በተበላሸ ማግስት ደወለችልኝ።

"ሰው ፊት አዋረደኝ" አለች።

"ማን?"

"ውሃው።"

በጋዜጠኝነት ሥራዬ የራሱን ጥፋት በውሃ፣ በነፋስ ወይም በጎረቤት ዓይን የሚያሳብብ ሰው ብዙ ሰምቻለሁ። እህቴ ስለሆነች ብቻ ሌላ መለኪያ አላወጣላትም። ቢሆንም በሳምንቱ መጨረሻ መንዝ ወጣሁ፤ ከቀየት ከተማ ወረድ ብላ ወዳለችው መንደራችን።

የሆነው ይህ ነው። በየወሩ ለሚጠጣው ማኅበር ተራው ደርሷት ጌሾና ብቅሏን እንደ ወትሮዋ ጠነሰሰች። በሦስተኛው ቀን መፍላት የነበረበት ጥንስስ ጋኑ ውስጥ ተኝቶ ቀረ። ብቅል ጨመረች፤ ያው ነው። ከጎረቤት መንደር የጠላ አተላ ለምና እርሾ እንዲሆን ጨመረችበት፤ ያው ነው። በማኅበሩ ዕለት ሰዉ የቀረበለትን አንድ ጊዜ ቀምሶ ዋንጫውን አስቀመጠ። ክፉ የተናገረ አልነበረም። እሷን ያቃጠላት ግን ዝምታው ነው።

ሙሴ የምንላቸው የማኅበሩ መሪ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ "ልጄ፣ እጅሽ ደክሟል። ከእንግዲህ ጎረቤትሽ ትጥመቅልሽ" አሏት።

"እጄ አልደከመም፣ አባቴ። በሚቀጥለው ወር ተራዬን እደግማለሁ። ያኔም ካልፈላ ጽዋውን አስረክቤ ከማኅበሩ እወጣለሁ" አለቻቸው።

እኔ የደረስኩት እዚህ ላይ ነው።

የመንደሩ ቧንቧ ውሃ የሚያገኘው ጋራው ሥር ካለ ምንጭ ነው። ከምንጩ በላይ ባለፈው ዓመት የበግ ሱፍ አጥቦ በቀለም የሚነክር ሥራ ቤት ተከፍቷል። እጣቢው ጉድጓድ ውስጥ ስለሚጠራቀም ቧንቧው ላይ ቀለም አይታይም። የውሃ ጽሕፈት ቤቱን ባለሙያ ሄጄ ጠየቅኩት። ትሑት ወጣት ነው። ብርጭቆ ሞልቶ ፊቴ ጠጣ።

"ይዩት፤ እንደ መስተዋት ነው። ለበሽታ መርምረነዋል፤ ምንም የለበትም። ክሎሪን ግን እንጨምራለን። የእትዬን ጠላ ያከሸፈው እሱ ይሆናል። ለሰው ጤና ሲባል ነው እንግዲህ።"

መልሱ ምክንያታዊ ነበር። ደብተሬ ላይ ጻፍኩትና ለእህቴ አነበብኩላት።

"አንተ ከማን ጋር ነህ?" አለችኝ።

"ከማንም ጋር አይደለሁም፣ እታለም።"

"እንግዲያው ከቤቴ ጠላ አትጠብቅ።"

"የፈላ አለሽ እንዴ?"

በእጇ የነበረውን ጨርቅ ወረወረችብኝ። ከዚያ ሳትፈልግ ሳቀች።

የማውቀው የባዮሎጂ መምህር ጋ ደወልኩ። እርሾ ሕይወት ያላቸው፣ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ስብስብ መሆኑን አስታወሰኝ። ውሃ ውስጥ የሚገድላቸው ነገር ካለ መፍላታቸውን ያቆማሉ። ክሎሪን ከሆነ ውሃው እሳት ላይ ፈልቶ ክፍት ሆኖ ሁለት ቀን ቢቀመጥ ይለቃል፤ ሌላ ነገር ከሆነ እዚያው ይቀራል። በውጭ አገር ብርሃን የሚሰጡ ባክቴሪያዎችን ውሃ ውስጥ ጨምረው፣ ብርሃናቸው ሲደበዝዝ መርዝ መኖሩን የሚያውቁ ላቦራቶሪዎች እንዳሉም ነገረኝ። "እህትህ የራሷ ላቦራቶሪ አላት። አሠራሩን ብቻ አጥብቁ" አለኝ።

አጠበቅነው። ጋን ያለፈውን ጠላ ስለሚያስታውስ ጋን አልፈቀድኩም። ሦስት እኩል የማር ጠርሙሶች ቀቅለን አጠብን። በአንዱ የቧንቧ ውሃ፣ በሁለተኛው ተፈልቶ ሁለት ቀን የቆየ የቧንቧ ውሃ፣ በሦስተኛው ከሥራ ቤቱ በላይ ካለው ሌላ ምንጭ በአህያ ያስመጣነው ውሃ ገባ። ብቅሉ፣ ጌሾውና አተላው በአንድ ማንኪያ ተለካ። የውሃዎቹን ስም ጽፌ ጠርሙሶቹ ሥር ለጠፍኩና እሷ ሳታይ ቦታቸውን አቀያየርኩ።

"እኔንም ትጠረጥራለህ?"

"ሁሉንም ሰው።"

"የእናቴ ልጅ አይደለህም" አለች፤ ግን ለማየት ዞር አላለችም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሙሴንና የውሃውን ባለሙያ ቤቷ ጠራናቸው። እህቴ ጥንስስን በዓይኗ አታምንም፤ በጆሮዋ ነው የምታውቀው። ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ጠርሙስ አዳመጠች። ተወችው። ሁለተኛውን አዳመጠችና ፈገግ አለች። "ይሄ ያወራል።" ሦስተኛውን አዳምጣ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። እኔም የድምፅ መቅጃዬን ማይክሮፎን በየጠርሙሱ አፍ አስጠጋሁ። የሁለተኛው ድምፅ ሣር ክዳን ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ነበር። በሌሎቹ ሁለቱ የሰማሁት የሙሴን ትንፋሽ ብቻ ነው።

ጠርሙሶቹን አንሥተው ሥራቸው የተለጠፈውን ያነበቡት ሙሴ ራሳቸው ናቸው። የፈላው የላይኛው ምንጭ ውሃ ነበር። ክሎሪኑ እንዲለቀው የተፈላው የቧንቧ ውሃም እንደ ጓደኛው ሞቶ ተገኘ።

"ጠላ ግን ማስረጃ አይሆንም" አለ ባለሙያው፣ ቀስ ብሎ።

"ውሃው እርሾውን ለምን እንደ ገደለው ንገረኛ" አለችው እህቴ።

"ያንን እኔ አላውቅም።"

እኔም አላውቅም። እርሾ የመርዝ ስም አይናገርም፤ "እዚህ አልኖርም" ብቻ ነው የሚለው። ዘገባዬም ላይ ከዚህ አልፌ አልጻፍኩም። ሥራ ቤቱን ጥፋተኛ አላልኩም፤ የሆነውን፣ የሰማሁትንና ጽሕፈት ቤቱ ምን ብሎ እንደመለሰ አሰፈርኩ። አዘጋጄ የዝምታውን ቅጂ ከዘገባው እንድቆርጠው ጠየቀኝ፤ ሬዲዮ ላይ ዝምታ ብልሽት ይመስላል አለ። ብልሽት ነው አልኩት። አልቆረጥኩትም።

በወሩ እህቴ ተራዋን ደገመች። ጠላው ከላይኛው ምንጭ ውሃ ተጠምቆ ነበር፤ ማኅበርተኛው ዋንጫውን ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ አስሞላ። ሙሴ ተነሥተው መረቋት፤ "በይ፣ ነገሩ አለቀ፤ እጅሽ ደኅና ነው" አሏት።

"የኔ አለቀ እንጂ የውሃው መቼ አለቀ፣ አባቴ?" አለች። "ነገ ጠዋት ሁላችሁም ከዚያው ቧንቧ ነው የምትቀዱት።"

በማግስቱ የተወሰኑት አህያ ጭነው ወደ ላይኛው ምንጭ ወጡ። አህያ የሌላቸው ከቧንቧው ቀዱ።

ናሙና ለምርመራ ተልኳል ተብሏል። ውጤቱ እስካሁን አልተነገረንም። እህቴ ግን አልጠበቀችም። ሰኞ ሰኞ የማር ጠርሙስ በቧንቧ ውሃ ሞልታ፣ ብቅልና አተላ ጨምራ የጽሕፈት ቤቱ መስኮት ላይ ታስቀምጣለች። ሐሙስ መጥታ፣ ወረፋ የያዘው ሰው እያያት፣ ጆሮዋን ትደግናለች።

ባለፈው ስሄድ አብሬያት ነበርኩ። ባለሙያው ወጥቶ በእጁ ጠርሙሱን ሊያነሣ ሲል እጇን ከላዩ ላይ አሳረፈች።

"እትዬ፣ በእግዚአብሔር ይሁንብዎ፤ እስከ መቼ ነው ይህን የሚያመጡት?"

"እስኪፈላ፣ ልጄ።"

ጎንበስ ብላ አዳመጠች። ከዚያ ጠርሙሱን ገልብጣ ያልፈላውን ደጃፉ ላይ ደፋችና ባዶውን ለሰኞ ልታጥበው ይዛው ሄደች።