ያልተቀረጹት ዜማዎች

ባለፈው ሳምንት ልጄ በስልኳ የከፈተችው ዘፈን መሃል ላይ ቀጥ አለ። የወር ክፍያዋ አልቆ ኖሮ ስልኩ ዘጋባት። በዚያ ድንገተኛ ጸጥታ፣ በሥራ ዘመኔ መጀመሪያ ሮቤ ሳለሁ የያዝኩት ጉዳይ ትዝ አለኝ።

ክልሉ በተቋቋመ ሰሞን ነበር። ከባህል ክፍሉ ሠራተኞች አማርኛውንም ኦሮምኛውንም አጣርቶ የሚጽፍ፣ የራሱም ቴፕ ያለው እኔ ብቻ ስለነበርኩ የአንድ አዛውንት ዘፋኝ አቤቱታ ለእኔ ተመራ። ሰውየው የጎሮ ሰው ነበሩ። አዲስ አበባ ያስቀረጹት የመጀመሪያ ካሴታቸው ካልተሸጠ አሳታሚው ሁለተኛውን እንደማይቀርጽላቸው ነግሯቸዋል። ለሁለተኛው ያቆዩአቸው ዜማዎች ደግሞ ከአባታቸው የወረሷቸው፣ ከእሳቸው በቀር ማንም የማያውቃቸው ነበሩ። ካሴታቸው ግን ሮቤ አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ እየተገለበጠ ይቸበቸብ ነበር።

አዛውንቱ ባሉበት ባለሱቁን አስጠራሁት። «ወላሂ፣ የምሸጠው ኦሪጅናሉን ነው!» አለ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ቢሮው እርጥብ ካፖርትና አዲስ ፕላስቲክ ይሸታል። በመጀመሪያ የዘፋኙን ካሴት ከፈትኩ፤ ጥርት ብሎ አለቀ። ከሱቁ የተገዛው ግን ፈረስ በሚወደስበት ስንኝ መካከል፣ «ዲንሾ! ዲንሾ! አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ ጮኸ። ባለሱቁ ለካ ሁለት ቴፕ ፊት ለፊት አስቀምጦ ነበር የሚቀዳው፤ ሱቁ ደግሞ መናኸሪያው በር ላይ ነው።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አሉት አዛውንቱ፣ ፈገግ ሳይሉ፤ «እኔ በፈረስ ብወጣ አንተ ሚኒባስ ላይ ጫንከኝ?»

ባለሱቁ ራሱ ሳቁ አመለጠው። «አባባ፣ ሰው ወዶዎት እኮ ነው። ስምዎን ጎባ፣ ዲንሾ ያደረስኩት እኔ አይደለሁ?»

«ስሜ ደርሷል። እኔ ቀርቻለሁ።»



የአገር ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ጉዳዩ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ሲተላለፍ ክረምቱ አለፈ። ውሳኔውን ይዤ ጎሮ ስወርድ አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ታመው ሹክሹክታ ብቻ ቀርቷቸው ነበር፤ የአባታቸውን ዜማዎች በእኔ ቴፕ እንኳ የቀዳቸው አልነበረም። ወረቀቱን አነበብኩላቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ጥሩ ፈርዳችኋል» አሉኝ፤ ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረብኝ።

ቅጂዎቹ እንዲሰበሰቡ፣ ባለሱቁም ያለ ዘፋኙ ፈቃድ አንድም ካሴት እንዳይገለብጥ የተወሰነው በአዲሱ ዓመት፣ በመስቀል ማግስት ነው።