ጣሪያ የነበረው ክፍል

ሐጃ ወስፊያ ሕፃን ሳሉ ወታደሮች የአባታቸውን ቤት በፈንጂ አፈረሱት። ቤተሰቡ ከኬብሮን በስተደቡብ ባለው ኮረብታችን ዋሻ ገብቶ ከበጎቹ ጋር ከረመ። ታናሽ ወንድማቸውን ብርዱ ገደለው። እርሳቸው በሁለት በጎች መሃል ተኝተው ተረፉ።

ካረጁ ወዲህ የተመኙት አንድ ነገር ነው፤ የመጨረሻ ልጃቸውን ሙንጂድን ጣሪያ ባለው ክፍል መዳር። እኛ ዘንድ ክፍል ያልሠራ ወንድ ሙሽራ አያመጣም። የእጮኛው የታማም አባት «ክፍሉን አሳዩኝና ልጄን ውሰዱ» ብሎ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ከወታደሮቹ ቢሮ የግንባታ ፈቃድ ጠየቁ፤ ተከለከሉ። ደግመው ጠየቁ፤ ተከለከሉ። ግድግዳው ያለ ፈቃድ ቆመ። ብዙ ሳይቆይ የማፍረሻው ትእዛዝ ደጃፋቸው ላይ ድንጋይ ተጭኖበት ተገኘ።

ያን ሰሞን ረዋንድ የምትባል ጋዜጠኛ ከራማላ መጣች። የዕለት ኑሯችንን በተከታታይ ሥዕል እየሣለች ጋዜጣ ላይ ታወጣለች።

«ልጄ፣ ክፍሉን ከነጣሪያው ሣዪው» አሏት ሐጃ።

«እማማ፣ ጣሪያ የለውማ! ያላየሁትን አልሥልም።»

«እንግዲያው እናሳይሻለን። ዓለም ሁሉ ያየውን ቤት በምን ዓይናቸው ያፈርሱታል?»

ቅዳሜ የወታደሮቹ ቢሮ ዝግ ነው፣ የሚያስቆመን የለም፤ ስለዚህ የጣሪያውን ሶሌታ በሲሚንቶ የምንሞላው ቅዳሜ ነው። መንደሩ በሙሉ ወጣ። ባልዲው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ወደ ላይ ይወጣል፤ እኔም መሰላሉ ሥር ቆሜ እቀበል ነበር። ሐጃ በግ አርደው ሩዙን በትልቅ ሰፌድ ዘርግተዋል።

«አንቺ ልጅ፣ አፍንጫዬን ቀነስ አድርጊልኝ» አላት ጎረቤታችን መርዙቅ።

«ቀንሼው ነው እኮ፣ አጎቴ። እንዲያም ሆኖ ወረቀቱ አልበቃ አለኝ።»

«መርዙቅ!» ብለው ጮኹ ሐጃ ከታች። «መልክህን ተወውና ባልዲውን አቀብል፣ ሲሚንቶው እጅህ ላይ ደረቀ!»

ማክሰኞ ጠዋት ቡልዶዘሩ መጣ። ሶሌታውን የደገፉት እንጨቶች ገና አልተነሡም ነበር። ሙንጂድን ወታደሮች መሬት ላይ አስተኝተው ያዙት። ረዋንድ አጥር ሥር ተቀምጣ ትሥላለች።

«ምን ትሥያለሽ? ተነሽና ንገሪያቸው እንጂ!» አሏት ሐጃ።

«እማማ… አይሰሙኝም።»

እኛም ክፍሉ ሲፈርስ ቆመን አየን። ሌላ ምን እናደርጋለን?

ጋዜጣው ሲወጣ ገጹን የሞላው ቡልዶዘሩ ነው። ቅዳሜያችን ከላይ ጥግ ላይ በትንሹ ተሥላለች፤ ባልዲው፣ ሰፌዱ፣ የመርዙቅ አፍንጫ ሁሉም አለ። ያየው ሰው ሁሉ አዘነልን። የታማም አባት ግን ልጁን ለሌላ ዳረ። ሙንጂድ ዛሬም እናቱ ቤት ወለል ላይ ይተኛል።

በዕድሜዎ ከሁሉ የበለጠብዎት ምን ነበር ብዬ ሐጃን ጠየቅኋቸው። ጋዜጣውን አጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ቤት እንዳልልህ የአባቴንም የልጄንም ዓይኔ እያየ አፈረሱብኝ። ያን ቅዳሜ እናንተ ስትበሉ፣ እኔ በእንጨቶቹ መሃል ተሹለክልኬ ክፍሉ ገባሁ። ከሶሌታው ውሃ ትከሻዬ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። የሙሽሮቹ አልጋ እዚህ፣ የልብሷ ሣጥን እዚያ፣ የልጅ አልጋ ደግሞ በመስኮቱ በኩል እያልኩ ብቻዬን ሁሉንም አስቀመጥኩት። ከሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው። ያቺ ልጅ አልሣለችውም። ምን ታድርግ፣ አላየችውማ።»