ቡታጅራ ላይ የቀየርኩት ወንበር

ይህን ለባለቤቴ አልነገርኩም። ቤተ ክርስቲያን አብረውኝ ለሚጸልዩ እህቶችም አልነገርኩም። አሁን የምነግረው ፊቴን ለማታዩት ለእናንተ ነው። ይህስ ድፍረት ይባላል?

ወልቂጤ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ምጡ በርትቶብኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሽንቴን መያዝ አቃተኝ። ሳስነጥስ ያመልጠኛል። ስስቅ ያመልጠኛል። ደረጃ ስወጣ ያመልጠኛል። ሌላው ሰው ለሥራ ሲለብስ "ምን ያምርብኛል?" ይላል፤ እኔ "ምን ይደብቅልኛል?" ነበር የምለው። ባለቤቴ ሳይነቃ ተነስቼ ሞዴሱ ላይ የተጣጠፈ ጨርቅ እደርባለሁ፤ ከዚያ ጠባብ ታይት፣ ከዚያ ጥቁር ጉርድ ቀሚስ። ሹራቤን ሙቀትም ቢሆን ወገቤ ላይ አስራለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ቅያሪና ጥቁር ፌስታል አይጠፋም። ቢሮ ሻይ ሲመጣ "ጨጓራዬን ያመኛል" ብዬ እመልሳለሁ። ውሃ ከመሸሼ የተነሳ ከንፈሬ ይሰነጣጠቅ ነበር።

ምስጢሬን ያወቀች አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ዘይነባ። ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነው። አንድ ቀን መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቀሚሴን ሳጥብ ደረሰችብኝ። በሩን ከውስጥ ቀረቀረችና ከላይ የደረበችውን ጥቁር አባያ አውልቃ ሰጠችኝ።

"ልበሺው አስቱ" አለችኝ በሹክሹክታ። "እኔም ከመጨረሻው ልጄ በኋላ እንዲሁ ሆኜ ነበር። አሁንም አልፎ አልፎ ያስቸግረኛል። ባሌ እንኳ አያውቅም። የታየሁበት ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ፤ ይድናል እኮ።"

ያን ሰሞን የቡድን መሪነት ቦታ ክፍት ነበር። የታጨነው እኔና እሷ ነን። ቡታጅራ ላይ ስብሰባ ተጠራና እንግዶች ስላሉ ደህና ልበሱ ተባልን። ጥቁሩ ቀሚሴ አርጅቶ ነበር፤ ግራጫ ሱፌን ለበስኩ። ግራጫ እርጥበትን አጉልቶ እንደሚያሳይ እያወቅኩ። ጨርቁን ደራርቤ፣ ረዥሙን ኮት ከላይ ጥዬ ሄድኩ። መንገዱ ረዘመ፤ ስብሰባውም ረዘመ። ሰው እያየኝ አቋርጬ መውጣት አፈርኩ። እረፍት ሲባል ሥሬ ርሶ ነበር።

ሰዉ እስኪወጣ ድረስ ወረቀት የማነብ መስዬ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ዘይነባ ለሰላት ቀድማ ወጥታለች። ተነስቼ የወንበሩን ጨርቅ አየሁት። ዳር እስከ ዳር ጠቁሯል። ምን ማድረግ እችል ነበር? ጥግ ወስጄ መደበቅ እችል ነበር። ውሃ ተደፋብኝ ማለት እችል ነበር። እኔ ግን ወንበሬን ገፍቼ ዘይነባ ቦታ አቆምኩት፤ የእሷን ደረቁን ወደ ራሴ ሳብኩ። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም። የገፋው እጅ የእኔ ነው።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቅያሪዬን ለውጬ ስመለስ፣ ኃላፊያችንና ጥቂት ባልደረቦች ወንበሩን ከበው ቆመዋል።

"ይሄ ምንድን ነው? ማነው እዚህ የተቀመጠው?" አለ ኃላፊያችን።

ዝም ብል እንኳ ይበቃ ነበር፤ ቦታው ራሱ ይመሰክርባታል። እኔ ግን ተናገርኩ።

"ዘይነባ ናት። አትፍረዱባት፤ ከወለደች ወዲህ ያማታል" አልኩ፤ ያዘንኩላት መስዬ። እስከ ዛሬ የሚያቅለሸልሸኝ ያ ያዘነ ድምፄ ነው።

ቀና ስል መስገጃዋን ይዛ በር ላይ ቆማለች። ሰምታለች። ጥቁር አባያ ነው የለበሰችው፤ ደረቅ መሆኗን ማን ይለያል? ወንበሩን አየች፣ ረዥሙን ኮቴን አየች፣ ከዚያ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። በአንድ ቃል ልታጋልጠኝ ትችል ነበር። እሷ ግን ወንበሩን አንስታ በጓሮ በር ይዛው ወጣች፤ ያን ቀን ወደ አዳራሹ አልተመለሰችም።

ከዚያ በኋላ ቢሮ ስትገባ መስኮት መክፈት ተለመደ። በመሥሪያ ቤቱ መኪና አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። እኔስ? እኔም መስኮት ከፍቻለሁ። የመሪነቱ ቦታ ለእኔ ተሰጠ። እሷ ቆሼ ከተማ ሥራ አግኝታ ወልቂጤን ለቀቀች።

ከዓመታት በኋላ ታከምኩ፤ ያውም እሷ በነገረችኝ ሐኪም ቤት። የታችኛውን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አስተማሩኝ፤ ደህና ሆንኩ። ደህና ስሆን ቆሼ ሄጄ ቤቷን አፈላልጌ አገኘሁት። አስገባችኝ፤ አስቀመጠችኝ። ወንበሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ ብዬ አለቀስኩ።

"አውቃለሁ" አለች። "ያኔም አውቅ ነበር።"

"ይቅር በይኝ ዘይነባ።"

"ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ አስቱ? የማላውቀውን አልነገርሽኝም። ያን ቀን ለሰሙሽ ሰዎች ንገሪያቸው። ከዚያ ነይ።"

በር ድረስ ሸኘችኝ፤ እጇን ግን አልሰጠችኝም።

ያን ቀን የሰሙኝ ሰዎች ዛሬም አብረውኝ ይሠራሉ። በየሳምንቱ እሰበስባቸዋለሁ። በየሳምንቱ ዛሬስ እላለሁ፤ አፌን እከፍትና ስለ ዕቅድ አፈጻጸም አወራለሁ። የሚይዘኝ ምንድን ነው? ወንበሬን መውደዴ? እፍረቴ? ታምሜ ነበር፣ ፈርቼ ነበር ብል ታዝኑልኝ ይሆናል። አትዘኑልኝ። ሕመሙ የፈታው ሽንቴን ነው። ምላሴን የፈታሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ዘይነባ፣ ደግሜ ይቅር በይኝ አልልሽም። ያልሽኝን ገና አላደረግኩም።