ያልተጠየቀችውን ልጅ ፍለጋ ወደ ጎርጎራ

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ምስር መልቀም ነው። እኔ ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠጠሩን አወጣለሁ፤ ይርጋ ከጎኔ ተቀምጦ እጁ ምስሩ ውስጥ፣ ልቡ የነገው ትምህርት ላይ ነው። ባሕር ዳር ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። ክፍል ውስጥ የሚጠይቀውን ሁሉ አስቀድሞ እኔን መጠየቅ ልማዱ ነው። «አንቺ ሰምተሽ ዝም ካልሽ ክፍሉም ዝም ይላል። ከተከራከርሽኝ ግን ነገ ጣት የሚያነሣው ይበዛልኛል» ይለኝ ነበር።

ያን ዕለት ያመጣው ጥያቄ እንዲህ የሚል ነው፦ «ወደ ጣና የሚገባው ወንዝ ብዙ ነው፤ የሚወጣው ግን ዓባይ ብቻ። ታዲያ ሞልቶ ለምን አያጥለቀልቀንም?»

«ዓሣው ይጠጣዋላ!» አልሁት።

እስኪያስለው ሳቀ። በሳምንቱ ታሞ ተኛ፤ ከዚያም አልተነሣም።

ይህን ጉዞ ያስጀመረችኝ ልጃችን የሺወርቅ ናት። አባቷ ባስተማረበት ትምህርት ቤት አሥረኛ ክፍል ነበረች። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሲዘጋ ጎርጎራ ወዳለው አጎቷ ወደ መሪጌታ ላቀው ዘንድ ለዕረፍት ሄደች። ከዚያ በጀልባ ተሳፋሪ እጅ ቃል ላከችብኝ፦ «እማዬ፣ ትምህርቱ ይብቃኝ። አልመለስም።» ትምህርት የሚከፈተው በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ያልተገኘ ተማሪ ስሙ ይሰረዛል። ጀልባው ደግሞ እሑድ ሄዶ ሐሙስ የሚመለስ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ነው። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ለመውሰድ ሄድሁ። ጸሐፊው የጉዞውን ምክንያት ሲጠይቀኝ «ልጄን ለማምጣት» አልሁት። ጽፎ ማኅተም አደረገበት።

እሑድ፣ ከባሕር ዳር ወደ ቁንዝላ

ከሰፈሬ ከሹም አቦ ገና ሳይነጋጋ ወጥቼ ወደቡ ደረስሁ። ጀልባው የስኳር ጆንያ፣ የቆርቆሮ ክምርና እግራቸው የታሰረ ፍየሎች ጭኖ ነበር። ከፍየሎቹ ራቅ ብዬ ለመቀመጥ ስፈልግ አንዲት የዘጌ ሴት የእህል ጆንያዋን ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጠችኝ። ከጓደኛዋ ጋር እየተሳሳቀች ነበር፤ ጥቁር ልብሴን ስታይ ሳቋን ቆረጠች።

«እግዜር ያጽናሽ እህቴ» አለችኝና ፊቷን ወደ ውሃው መለሰች።

በእኛ አገር ሐዘንተኛ ይከበራል። ቦታ ይለቀቅለታል፣ ድምፅ ይቀነስለታል፣ በነገር አይደክምም። ዘጌ ላይ ሴትዮዋ ወርዳ ሌሎች ተሳፈሩ፤ እነርሱም እንዲሁ አደረጉልኝ። ደቅ ደሴት ስንደርስ ሰው ሁሉ ስለ ገበያና ስለ ዓሣ ይጨቃጨቅ ነበር፤ እኔ ጋ ሲደርስ ወሬው ይበርዳል። ቁንዝላ ላይ አደርን። የአምባዛ ዓሣ ወጥ በአንድ ብር በላሁ። ባለቤቲቱ «ጨው አነሰው?» ብላ ስትጠይቀኝ ደስ አለኝ፤ ከጧት ጀምሮ አንድ ነገር የጠየቀኝ ሰው እርሷ ብቻ ነበረች።

ሰኞ፣ ጎርጎራ

በደልጊ አድርገን ከሰዓት በኋላ ጎርጎራ ገባን። መሪጌታ ላቀው ወደብ ድረስ መጥተው ቆመው አገኘኋቸው። የይርጋ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው መስማታቸው ቁርጥ እርሱን ነው።

«የሺስ ደህና ናት?» አልኋቸው ገና ሰላምታው ሳያልቅ።

«የሺ የምትባል እዚህ የለችም» አሉኝ። ደንግጬ ቀና ስል ፈገግ ብለዋል። «የኔታ የሺ ግን አለች። ነይ ላሳይሽ።»

ወደ ገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ወሰዱኝ። ለመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ቢያንሳቸው ልጄን ይዘዋታል። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም መፈክር ተጽፏል፤ የጣሪያው ቆርቆሮ በሙቀት ይንጣጣል። ዓሣ አስጋሪዎች፣ እናቶችና ሽማግሌዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። የሺ ጥቁር ሻሿን እንዳሰረች ጠመኔ ይዛ ሰሌዳው ፊት ቆማለች። እኔን አላየችኝም።

«አቶ ውቤ፣ ይህን ያንብቡ።»

ጎልማሳው ዓሣ አስጋሪ አንገቱን አሰገገ። «'መ' ነው። ትናንት ግን እንዲህ አልከሳም ነበር፤ ራት ሳይበላ አድሮ መሆን አለበት።»

«እርሱስ በልቷል። ትናንት የቀሩት እርስዎ ነዎት!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልጄ እንዲህ ስትናገር ስሰማ አባቷ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። በሩ ላይ እንደቆምሁ አዳመጥሁ።

የሺ እየተራመደች ሁሉንም በየተራ ጠየቀች። ጥቁር ከለበሱ አንዲት አሮጊት ዘንድ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። መሪጌታ በጆሮዬ «እማማ ዝማም ናቸው። ባላቸውን ባለፈው ወር ቀበርን» አሉኝ።

«እርስዎ ይረፉ እማማ» አለችና ወደሚቀጥለው አለፈች።

አሮጊቷ አግዳሚውን በምርኩዛቸው መቱት። «ምን አጠፋሁ?»

«ኧረ ምንም እማማ፣ ሐዘን ላይ ስለሆኑ...»

«የተቀበረው ባሌ ነው፤ እኔ ይኸው እዚህ ተቀምጫለሁ! እቤት ጎረቤቱ ሁሉ በሹክሹክታ ሊገድለኝ ነው። እዚህ የመጣሁት ሰው እንዲጠይቀኝ ነው። በይ ጠይቂኝ!»

የሺ ግራ ገብቷት ሰሌዳው ላይ 'ዘ'ን አሳየቻቸው። እማማ ዝማም ብዙ አስበው «ነ!» አሉ።

«ተሳሳቱ!» ብሎ ጮኸ አቶ ውቤ።

«አንተ ዝም በል! ስህተቱም የኔ ነው፤ አልሰጥህም!»

የሺ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ስትመለስ እንባዋ እየወረደ ትስቅ ነበር። ያን ጊዜ አየችኝ።

ትምህርቱ ሲያበቃ የደንገል ታንኳዎች የሚደርቁበት ዳር ሄደን ተቀመጥን።

«እኔንም እኮ እንዲህ ነው የሚያልፉኝ» አለች።

«እነማን?»

«አስተማሪዎቹ። ተራዬ ሲደርስ 'አንቺ ዕረፊ የኔ ልጅ' ይሉና ከኋላዬ ያለውን ይጠይቃሉ። ጣቴን ባነሣም አያዩኝም። ወንበሩ ላይ አባዬ እንጂ እኔ ያለሁ አይመስላቸውም። ንቀውኝ መስሎኝ ነበር እማዬ። ዛሬ እኔው ራሴ አደረግሁት።»

«ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ?»

«አንቺም እኮ አልጠየቅሽኝም።»

ቤታችንን አሰብሁት። አስተማሪዎቹ የይርጋ ወዳጆች ናቸው፤ የሬሳ ሳጥኑን የተሸከሙት እነርሱ ናቸው። እኔም ልጄ ስትገባ ምግብ አቀርባለሁ፣ ስትወጣ ሻሿን አስተካክላለሁ። ስለ ውሎዋ ግን ቃል አልተናገርንም። ሁላችንም በአክብሮት ዝም አልናት።

«ትመለሻለሽ?» አልኋት።

«ከጠየቁኝ» አለች።

ሐሙስ፣ ወደ ባሕር ዳር

የምታስተምረውን ክፍል ለአጎቷ ልጅ አስረከበች። እማማ ዝማም ወደብ ድረስ ሸኙን፤ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በቅጠል ጠቅልለው ሰጡን። «ሂጂ የኔታ። አንቺንም ሲዘሉሽ አግዳሚውን ምቺ!» አሏት።

ጀልባው መሐል ሲገባ ዳሩ ከዓይን ጠፋ። ዙሪያው ሁሉ ውሃ ሲሆንብኝ ድንገት የይርጋ ጥያቄ መጣብኝና ጠየቅኋት።

«ፀሐይ ነው የሚወስደው። በትነት» አለች። ቀጥላም፣ «አባዬ አንቺንም ጠይቆሽ ነበር እንዴ? ምን አልሽው?»

«ዓሣው ይጠጣዋል።»

ተሳፋሪው ዞሮ እስኪያየን ድረስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ጥቁር ለብሰው የሚስቁ ሁለት ሴቶች ማየት ለሰዉ ሳይከብደው አልቀረም፤ እኔን ግን ደረቴን ቀለል አለኝ።

እቤት

ሰኞ ጧት አብሬያት ትምህርት ቤት ሄድሁ። የክፍሏ ኃላፊ ነገሩን ሲሰማ ግንባሩን ያዘ። «እኛ እኮ ቁስሏን ላለመንካት ብለን ነው እትዬ።»

«አውቃለሁ። እንደ ድሮው ጠይቋት።»

«ብትሳሳትስ?»

«ትሳሳታ!»

እቤት ተመልሼ እስክትመጣ ድረስ ሥራ እጄ ላይ አልረጋም። ኮቴዋን ስሰማ በሩን ቀድሜ ከፈትሁት።

«እማዬ፣ ተጠየቅሁ!»

«መለስሽ?»

«ተሳሳትሁ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ» አለችና ደብተሯን አልጋው ላይ ወርውራ ምሳ ጠየቀች። ሁለት ጊዜ ጨመርሁላት።

ሐዘንተኛን ማክበር መልካም ነው፤ አሁንም አከብራለሁ። ሆኖም የሚያከብሩትን ሰው ምን እንደሚያስብ መጠየቅም ከማክበር እንደሚቆጠር ከጎርጎራ ይዤ ተመለስሁ። ጥቁሬን ገና አላወለቅሁም። ምስር የምለቅመው ከየሺ ጋር ነው፤ የነገውን ትምህርት እጠይቃታለሁ።