አባዬ ቁጭ ብሎ የሰማው ዘፈን

በቅርቡ ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ ስሄድ ሾፌሩ አንድ የቆየ ዘፈን ከፈተ። ዘፋኙ ለሞተ አባቱ የዘፈነው ነው። ካሴቱ እኛ ሰፈር የደረሰው ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነበር፤ ክሩ ሲወጣ በእስክሪብቶ እያጠነጠንን እስኪያልቅ ሰምተነዋል። ተሳፋሪው ሲያንጎራጉር እኔ ሳቄ መጣ። አባቴ በቁሙ የተለቀሰለት በዚህ ዘፈን ነውና።

አባዬ ባና ሠሪ ነበር፤ ከበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ይሸምናል። ቤታችን ሁልጊዜ እርጥብ የበግ ጠጉር ይሸታል። ያን ዓመት ሆዱን ታሞ ለኦፕራሲዮን ደብረ ብርሃን ሄደ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ወሬው ጠፋ። ናፍቆቱ ሲብስብኝ ለትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን ያንን ዘፈን አጠናሁ። የዘፋኙን አባት ስም አውጥቼም ሸዋንግዛው ብዬ የአባዬን አስገባሁበት። ክብር መስሎኝ ነበር።

ዘፈኑ ለሙት የተዘፈነ መሆኑን አገር ያውቃል። መድረክ ላይ ወጥቼ የአባዬን ስም ስጠራ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እሪ አሉ። ለካ ቤታችን መርዶ የገባ መስሏቸዋል። እኛ አገር ደግሞ ሐዘንተኛን ማን ነገረሽ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ አብሮ ማልቀስ ነው እንጂ።

እናቴ ከገበያ ስትመለስ ቤቷን ለቀስተኛ ሞልቶት አገኘች። እሷ እነሱ የሰሙ መስሏት ደረቷን መታች፤ እነሱ እሷን አይተው ባሰባቸው። እኔም ትልቅ ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው እውነት ቢሆን ነው ብዬ አብሬ አለቀስኩ።

በማግስቱ አጎቴ አስከሬን ሊያመጣ ሲነሳ አባዬ ከአውቶቡስ ወርዶ፣ ሆዱን በእጁ ደግፎ፣ ደጃፉ ላይ ቆመ። ድንኳኑን አየና ማን ሞተ ብሎ ጠየቀ።

ነገሩ እስኪጣራ፣ አባዬ ሲሸምን እግሩን የሚከትበት ጉድጓድ ውስጥ ተደብቄ ነበር። እትዬ ዘነበች ይህቺ ሟርተኛ ካልተገረፈች አሉ። አባዬ መደቡ ላይ ተቀመጠና ጠራኝ።

«ነይ እስቲ ዝፈኝው። ሰው ሞቶ የማይሰማውን እኔ ቁጭ ብዬ ልስማ።»

ከጉድጓዱ ወጥቼ ዘፈንኩለት። እስኪያልቅ መሬት መሬት እያየ ሰማና ዓይኑን በጋቢው ጠረገ።

«የእውነቱ ቀን ሲመጣ እንዳትደግሚው» አለኝ። «ሰምቼዋለሁ።»

የእውነቱ ቀን የመጣው እኔ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው። ታሪኩን የሚያውቁ ዘመዶች በሙሾው መሃል ያንን ዘፈን በይው እንጂ አሉኝ። አፌን አልከፈትኩም።

ዛሬ ቢሆን አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይደውልና በደቂቃ ይጣራ ነበር። እናቴ ደረቷን አትመታም፣ እኔም ጉድጓድ አልገባም። አባዬም ዘፈኑን ሳይሰማ ይሄድ ነበር። እንኳንም ያኔ ስልክ በየኪሱ አልኖረ።