ምስክሩን የደበቅን ቀን

ይህ የደረሰብኝ አምና ከመስቀል በኋላ ጅማ ውስጥ ነው። ግራ ጆሮዬ ውስጥ ያ የማይተወኝ ጩኸት በተነሳ ቁጥር የዚያን ቀን ፍርሃት ይመልስብኛል።

ቦንጋ ገበያ ዳር ልብስ እሰፋለሁ። ከዓመታት በፊት ግራ ጆሮዬ መስማት ሲተው አዲስ አበባ ሄጄ ኤምአርአይ ተነሳሁ፤ በጆሮዬ ነርቭ ላይ ትንሽ እብጠት ተገኘ። ክፉ ዓይነት ስላልሆነ፣ ማደግ አለማደጉ በየዓመቱ እየታየ እንድቆይ ተነገረኝ። ሁልጊዜም ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት በክንዴ ይወጉኛል። አምና ግን የአዲስ አበባው መንገድ ስለከበደኝ ጅማ ልታይ ወሰንኩ።

አብረውኝ የሄዱት አጎቴ ጋሽ አዳነ ናቸው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ስንሄድ እንድሰማቸው ሁልጊዜ በቀኜ ይሆናሉ። ብዙ ዘመን በቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ስለነበሩ እስከ ዛሬ ነገር ሁሉ ለእሳቸው ችሎት ነው። የድሮዎቹን የኤምአርአይ ፊልሞች ልይዝ ስል ከለከሉኝ።

«ሁለት ምስክር አንድ ላይ አይጠየቅም። የፊተኛውን ቃል የሰማ ያንኑ ይደግማል። ይሄኛው ዶክተር በራሱ ዓይን አይቶ ይፍረድ» አሉኝ።

ነገሩ ልክ መሰለኝ። ባይመስለኝም ከእሳቸው ጋር አልከራከርም። ስለዚህ ጅማ ሆስፒታል ምስሉን የምታነሳው ባለሙያ መድኃኒቱን ከዚህ በፊት ተወግቼ እንደሆነ ስትጠይቅ፣ የድሮው ምርመራ እንዳይታወቅ ጋሽ አዳነ ቀድመው የመጀመሪያዬ ነው አሉ። እኔም አንገቴን ደፋሁ።

ውጤት ልንሰማ ስንገባ ዶክተሩ ምስሉን ደጋግሞ አየ። ጉበቴን ታምሜ እንደማውቅ፣ ጭንቅላቴን በጨረር ታክሜ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከዚያም ከእብጠቱ ሌላ አንጎሌ ውስጥ ግራና ቀኝ የሚያበራ ነገር እንዳየ ነገረን። ያን ዕለት መድኃኒቱን ከመወጋቴ በፊት በተነሳው ምስል ላይም ስለነበረ፣ የዕለቱ መርፌ ያመጣው አልነበረም። ሌላ በሽታ ሊኖር ስለሚችል ብዙ ምርመራ ያስፈልጋል አለ።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ትንሿ ገና ጫማዋን ማሰር አትችልም። በልቤ አለቀልኝ አልኩ።

ዶክተሩ እንደገና «እርግጠኛ ነሽ፣ ይህን መድኃኒት ተወግተሽ አታውቂም?» ሲል ጠየቀኝ። ወደ ጋሽ አዳነ ዞርኩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገውታል።

«ዶክተር፣ በየዓመቱ ተወግታለች። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ምንም አላጠፋችም።»

ስንቱን ሲያስምሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ራሳቸው ጥፋታቸውን ሲያምኑ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዶክተሩ አልተቆጣም። ፊልሞቹን አስመጡ አለን። በማግስቱ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ከቦንጋ መጡልን። በተርታ ሰቅሎ አሳየን። በመጀመሪያው ላይ የሚያበራው ነገር የለም፤ ከዚያ ያ ነጣ ያለ ነገር ከዓመት ዓመት እየጎላ ይሄዳል። እብጠቱ ባለበት ነው። የሚያበራው በየዓመቱ ከምወጋው መድኃኒት የተረፈ፣ ጋዶሊኒየም የሚባል ቅሪት ሳይሆን እንደማይቀር አስረዳን። አብዛኛው በሽንት ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን አንጎል ውስጥ ይቀራል። ጉዳት ማድረሱ እስካሁን አልተረጋገጠም አለ። ቢሆንም ከእንግዲህ የግድ ካልሆነ እንደማይሰጡኝ፣ ከሰጡኝም እምብዛም የማይቀረውን ዓይነት እንደሚመርጡ ነገረኝ።

ይወጣልኝ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ቶሎ የሚወጣ አይመስለኝም» አለኝ። ስላልሸነገለኝ አመሰገንኩት።

ስንመለስ የጎጀብን ወንዝ ተሻገርን። ጋሽ አዳነ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ «ዳኛ ነኝ ስል ለካ ምስክር ደብቄያለሁ» አሉ። እጃቸውን ያዝኩ።

አልዋሽም፣ አንዳንዴ ልብስ እየሰፋሁ ያ ቅሪት ትዝ ሲለኝ እፈራለሁ። አጎቴን ግን ተቀይሜያቸው አላውቅም።

ዘንድሮም አብረን ሄድን። በዚህኛው ጉዞ ራሴ ቀድሜ ልናገር ቆርጬ ነበር። ጋሽ አዳነ ግን ወንበር እንኳ ሳይሰጣቸው «ዶክተር፣ ይህች ልጅ በየዓመቱ ተወግታለች፤ ፊልሞቿም እነሆ» ብለው ጀመሩ። በቀኜ ስለቆሙ እያንዳንዱን ቃል ሰማሁት።