እትዬ ለጊዜው የተኛችበት ኮሪደር

ያደግንበትን ቤት በክፉ አታንሱብኝ። ሁለት መኝታ ቤት፣ አንድ ሳሎንና ከበሩ እስከ ማድ ቤቱ የሚደርስ ረጅም ኮሪደር ነበረው። አንዱ መኝታ ቤት የአባዬና የእማዬ ነው። በሌላው እኛ አራት ወንዶች ስንራገጥ እናድራለን። ሳሎኑ የእንግዳ ነው፤ እንግዳ መጥቶ ባያውቅም የእንግዳ ነው። የሁላችን ታላቅ እትዬ ብቸኛዋ ሴት ስለሆነች፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ለጊዜው ተብሎ ኮሪደሩ ላይ አልጋ ተዘረጋላት። ለጊዜው የተባለው አርባ አንድ ዓመት ሆነ። እኛ አግብተን ስንወጣ ክፍላችን ባዶ ቀረ፤ ግን ስንመጣ ማደሪያ እንዳናጣ ተብሎ ተቆለፈ።

እትዬ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ከአልጋዋ ግርጌ ነበር። ሽንት ቤት የሚሄድ ሁሉ በእሷ በኩል ነው መንገዱ። አልፎ መሄድ ደግሞ የለም፤ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ይላል። እኔ ፈተና ስወድቅ፣ ታላቅ ወንድማችን ጋሼ ሲያፈቅር፣ አባዬ ከሥራ ሲቀነስ መጀመሪያ የሰማችው እሷ ናት። እማዬ እንኳን ሳትቀር «እትዬ» ነበር የምትላት። ያንን ኮሪደር ስወደው ለጉድ ነው።

እማዬም አባዬን ተከትላ ካረፈች ከወራት በኋላ በቤቱ ጉዳይ ልንነጋገር አምስታችን ሳሎን ተሰበሰብን። ምን ንግግር አለ፣ ትዝታ ብቻ! ጋሼ አለቀሰ። «ይህ ቤት ከሚሸጥ እኔ ልሸጥ!» አለ። የሚገዛው ባይኖርም ልባችንን ነካው። ቤቱ እንዳለ እንዲቆይ፣ እትዬም እንደ ድሮዋ እንድትጠብቀው ወሰንን። እሷን የጠየቃት የለም።

«ቤት ተከራይቻለሁ» አለች እትዬ።

«የምን ቤት?»

«አንድ ክፍል። በር ያለው።»

ጋሼ ክው አለ። «ምነው እትዬ፣ ምን አጠፋን? አሁን እኮ የፈለግሽውን ክፍል መያዝ ትችያለሽ!»

«አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ልብሴን የቀየርኩት መብራት አጥፍቼ ነው» አለች፣ ድምጿን እንኳን ሳትጨምር። «ከእንግዲህ ሞኛችሁን ፈልጉ።»

እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ፤ ያውም በእሷ። ትዝታዬን ጠቅልላ ይዛብኝ የሄደች መሰለኝ። ሦስት ሳምንት ኩርፊያዬን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሆዴ አልችል አለ፤ ናፈቀችኝ።

አድራሻዋን አጠያይቄ ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ። እንደ ልማዴ ገፍቼ ልገባ ስል ተቆልፏል። አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ቆይ።»

ቆምኩ። የስፌት መኪና አይሰማም፣ ውሃ አይሰማም፣ ኮሽ የሚል ነገር የለም። በዕድሜዬ እትዬን ጠብቄ አላውቅም፤ እጄን የት እንደማደርገው እንኳን ጠፋኝ። ደግሜ አንኳኳሁ። አሁንም «ቆይ» አለች።

በመጨረሻ ከፈተች። ገብቼ ሳምኳት። ክፍሏ ጥርት ብሎ ተጠርጓል፤ የተጀመረ ሥራ አይታይም፣ ምድጃው ላይ የተጣደ ነገር የለም። አንድ ወንበር ብቻ ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል።

«ምን እየሠራሽ ነበር?» አልኳት።

«ምንም» አለች። «ሰው ሲያንኳኳልኝ እየሰማሁ ነበር።»

ወደ ውጭ ተመለስኩ፣ በሩን ዘጋሁና እንደገና አንኳኳሁ።